ለድንች የማይባል ቃል

ጥቅምት 9
ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ማምሻውን የሟች ባሌ ልጆች መጡ፤ ትልቁና እህቱ። ሾርባ አቀረብኩ። እንደ ልማዳቸው እፊቴ በእንግሊዝኛ ጀመሩ። «ፋዘር» የምትለዋን አውቃታለሁ። ሌላዋ ቃል ግን... ኤክስሁም። አሥሬ ይመላለሱባታል። አባታቸውን ምን ሊያደርጉት ነው?
«ምንድነው?» ብል፣ ትልቁ «የሥራ ጉዳይ ነው እትዬ፣ እርስዎ አያስቡ» አለኝ።
አላስብም! ምን ጭንቅላት አለኝና።

ጥቅምት 11
የእንግሊዝኛ መምህሩ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ያቺን ቃል እንደ ቀልድ ጠየቅሁት።
«አጽም ከመቃብር ማውጣት ነው» አለኝ።
«ድንች ከመሬት ሲወጣስ ይባላል?» ምን ነካኝ? ድንች ይሁንልኝ ብዬ ነዋ!
ሳቀ። «ለድንች አይባልም እትዬ። ሰው ቀብሮት ለነበረ ነው። የተረሳ ጉዳይ ሲቀሰቅሱም አንዳንዴ ይባላል።»
የሱሪውን አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ ሰፋሁት። ይመልሰዋል እንግዲህ።

ጥቅምት 12
እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ገባኝ፤ ወደ እናታቸው ጎን ሊወስዱት ነው... ከተማው ዳር ወዳለው የድሮው መቃብር። እኔ እኮ ከጎኑ ለራሴም ቦታ ይዣለሁ። እናታቸው ስትሞት አፍንጫቸውን ማን ጠረገላቸው? ባጎረስኩ ተነከስኩ።
የመቃብር ጠባቂው ግን ሚስት ካልፈቀደች አፈሩ አይነካም ብሎኛል። ይሞክሩኝ!

ጥቅምት 15
የባሌ ታላቅ እህት ዘንድ ሄድኩ። ዋሽታኝ አታውቅም። ልጆቹን አስቁሚልኝ ብዬ ለመንኳት። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና፣
«ራሱ ነው እኮ ያለው። ‹ለጊዜው እሷ በመረጠችው ቦታ ቅበሩኝ፣ እንዳይከፋት። ቆየት ብላችሁ እናታችሁ ጎን ውሰዱኝ› ብሏል።»
«መቼ?»
«ታሞ ሳለ። አንቺ መድኃኒት ልትገዢ ስትወጪ።»
እንዳይከፋኝ! አዛኝ ቅቤ አንጓች።

ጥቅምት 16
ምንም አልሰፋሁም። ሙት ወቃሽ አያድርግሽ ይላሉ። እኔ ግን ወቀስኩ። ጮክ ብዬ፣ ስሙን እየጠራሁ።

ጥቅምት 22
ዛሬ አወጡት። እኔው ፈቅጄ። ይዤ ላስቀረው የምፈልገው ሰው እዚያ መቃብር ውስጥ አልነበረማ።
ትልቁ አቅፎኝ አለቀሰ። «ይቅር ይበሉን እትዬ፣ እንዴት እንደምንነግርዎት ጠፍቶን ነው።» ጀርባውን መታ መታ አደረግሁለት። እኔ አላለቀስኩም። አንዴ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ፣ ይበቃዋል።
ከሞተ ወዲህ እንኳ የምተኛው ግድግዳው ጥግ ተጣብቄ ነበር፣ የሱን ቦታ ለቅቄ። ሞኝ!
ይህን የምጽፈው አልጋው መሀል ላይ ተንጋልዬ ነው።