ከራሴ ሰረቅሁ ስለ ተባለው አርባ አንድ ከመቶ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ባሊኮዋ
የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር
ጂንጃ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎን እንደሚያምዎት ከጸሐፊዎ ከወይዘሮ ናምዋሴ ሰምቼ፣ በሁለት ወር ውስጥም አሥራ አንድ ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ስላጣሁዎት፣ ሕመሙ ጠንቶብዎት ይሆን እያልሁ ስጨነቅ ከርሜአለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጎልፍ ሜዳው ላይ ቀጥ ብለው ሲራመዱ በሩቁ አይቼ ፈጣሪን አመሰገንሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በቢሮዎ በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች የት እንደ ደረሱ ብጠይቅ ወይዘሮ ናምዋሴ «በሂደት ላይ ናቸው፣ የኔ ልጅ» ስላሉኝ፣ ሂደቱን ላለማወክ በሌላ በር መምጣቴ ነው።

ካጎያ ሮዳ እባላለሁ፤ በኮምፒውተር ኔትወርክ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። አምስተኛ ዓመቴ የፊታችን ዓርብ ይሞላል። እስከዚያ የመመረቂያ ጽሑፌ ተቀባይነት ካላገኘ የአምስት ዓመት ሥራዬ በደንባችሁ ቋንቋ «እንዳልነበረ ይቆጠራል»።

እንዳልነበረ የሚቆጠረው ሥራ ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስታውስዎ። ገበያው አጠገብ ካለው ክሊኒክ ወደ ትልቁ ሆስፒታል በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ከክሊኒኩ ወደ ሆስፒታሉ የሚላክ የራጅ ምስል ግን ባሕር ተሻግሮ ማርሴይ ደርሶ ይመለሳል፤ የሁለቱ ቤቶች የኢንተርኔት ድርጅቶች እዚህ ከተማ ውስጥ ሽቦ ለሽቦ አይገናኙምና። ይህንን ለማሳየት በዘጠኝ ቦታዎች ትንንሽ መለኪያ ሣጥኖች አስቀምጬ ሦስት ዓመት ለካሁ። የክሊኒኩ ዘበኛ አንዱ ሣጥን እንደሚሞቅ ደርሶበት ጫጩቶቹን ስላሳደገበት፣ እነርሱ ላባ እስኪያወጡ መጠበቅ ነበረብኝ። ያም ሆኖ ውጤቱ ተገኘ፤ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ በአማካይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። እዚሁ ቢገናኙ አራት በበቃው ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ማንም ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ከማስገባቱ በፊት ከዚያው ሥራ ሁለት ጽሑፎችን በምርምር መጽሔት እንዲያሳትም ጽሕፈት ቤትዎ ስላዘዘ አመሰግናለሁ። ይኸው ጽሕፈት ቤት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍን ቀድሞ ከታተመ ነገር ጋር የሚያስተያይ ሶፍትዌር ገዝቶ፣ ከሃያ ከመቶ በላይ የተመሳሰለውን ስርቆት ነው ስላለ ይበልጥ አመሰግናለሁ። ባዘዛችሁት መሠረት አሳተምሁ፤ ባሳተምሁት መሠረት ተከሰስሁ። የእኔ አርባ አንድ ከመቶ ሆነ። የተሰረቀችው ሴትዮ ካጎያ ሮዳ ትባላለች። ምኑ ከየት እንደተወሰደ በየገጹ ግርጌ አስፍሬአለሁ፤ ሶፍትዌሩ ግን የግርጌ ማስታወሻ አያነብም። በዚህ ረገድ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ጋር ይመሳሰላል፤ ስንት ከመቶ እንደሆነ ግን አልለካሁም።

፪ኛ፦ ኮሚቴው ሳያዳምጠኝ ስላልፈረደብኝ። የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ዋይስዋ የጽሑፉ ባለቤት የፈቀደችበት ደብዳቤ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ባለቤቷ እኔው ነኝ ብላቸው፣ «አንቺማ ተከሳሽ ነሽ፣ እህቴ! ባለቤቷ ትምጣና ትናገር» አሉኝ። ሕግ አክባሪ ነኝና ለራሴ ደብዳቤ ጻፍሁላት፤ በትሕትና ለመንኋት፤ ሁለት ቀን አስባበት ፈቀደችልኝ። ሁለቱ ደብዳቤዎች ግን ፊርማቸው ስለተመሳሰለ በሐሰተኛ ሰነድ ወንጀል ያስጠረጥራሉ ተብለው ተመለሱ።

እዚህ ላይ በክፍላችን ያለውን ልማድ ማንሳት ግድ ይለኛል። ከእኛ ክፍል የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ የክፍሉን ኃላፊ የዶክተር ቴንዋን ስም በሁለተኛ ጸሐፊነት ይይዛል፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ዝናብ ለምን ከላይ ይወርዳል እንደማይባለው ማለት ነው። ዶክተር ቴንዋ የኮሚቴውም አባል ናቸው። ጉዳዩን ሲመረምሩ ቆይተው ድንገት «የትኛው ጽሑፍ ነው የተሰረቀው?» አሉ። «እኛ የጻፍነው ነዋ፣ ዶክተር» አልሁ። «እኛ ማለት እነማን?» አሉኝ። ወረቀቱን አቀበልኋቸው። ስማቸውን አፍጥጠው ሲያዩት፣ ጠፍቶ የኖረ የልጅነት ፎቶግራፉን ድንገት ያገኘ ሰው ይመስሉ ነበር። ጥቂት ገጾች ገለጡና «ጥሩ ጽሑፍ ነው» አሉ፤ እስከዛሬ ስለ ሥራዬ የሰጡኝ አስተያየት ይኸው ነው። ተሰራቂ በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልምና ወጡ፤ ሲወጡ ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ፤ ስብሰባውም ለሦስት ሳምንት ተቀጠረ።

፫ኛ፦ በሦስተኛው ሳምንት ስለተገኘው የርኅራኄ መፍትሔ። ጽሑፉን «በራስሽ ቋንቋ» እንደገና ጻፊው ተባልሁ። የመጀመሪያውም የጻፍሁት በራሴ ቋንቋ ስለነበር ሌላ ራስ መፈለግ ነበረብኝ። «አዝጋሚ» ያልሁትን «ዝግ ያለ»፣ «ዝግ ያለ» ያልሁትን «አዝጋሚ» እያደረግሁ ሃያ ስድስት ከመቶ ደረስሁ። የቀረው የሰንጠረዦቹ ነበር። ቁጥሮቹም ተመሳስለዋልና።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ሙጎያ፣ ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «ልጄ፣ እዚህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ብለሻል፤ መጽሔቱም ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ይችን እንኳ ሁለት መቶ ሃያ አታደርጊያትም? ሌሎቹንም እንዲሁ ትንሽ ትንሽ ነካ ነካ አድርጊያቸው» አሉኝ። የተለካው ይህ ነው ብላቸው፣ «ስድስት ብትጨምሪ ማን ይሞታል?» ብለው ሳቁ፤ ጉባኤውም አብሮ ሳቀ። አማካሪዬ ዶክተር ኢሳቢርዬ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ እኔ የተከራከሩልኝ ደግ ሰው፣ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዘው «ካጎያ፣ በአምላክ፣ ግትር አትሁኚ። መጀመሪያ ተመረቂ፤ እውነቱን በኋላ ታስተምሪዋለሽ» አሉኝ።

አልዋሽዎትም፣ ክቡርነትዎ፤ አደረግሁት። ዘጠኙንም ሰንጠረዥ ነካ ነካ አደረግሁና ለሶፍትዌሩ ሰጠሁት። አሥራ ዘጠኝ ከመቶ። አረንጓዴ ምልክት መጣ፤ ከሥሩም «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ይህ ሥራ የራስዎ ነው» የሚል ጽሑፍ። ያን ጽሑፍ ብዙ አየሁት። የለካሁትን ስጽፍ ሌባ ነበርሁ፤ የፈጠርሁትን ስጽፍ የራሴ ሆነ። ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ሐኪም ምስሉን የሚጠብቀው ግን በአረንጓዴው ቁጥር አይደለም። ዘጠኙንም ሰንጠረዥ ወደ ነበሩበት መለስኋቸው።

፬ኛ ምስጋናም ነበረኝ፤ ለወይዘሮ ናምዋሴ። በአሥራ አንዱም ጊዜ ወንበር ሰጥተውኛል፤ ይህን ያለ ምፀት ነው የምለው።

ስለዚህ የፊታችን ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት የሚለውን ጽሑፍ ይዤ ቢሮዎ እገኛለሁ። ሶፍትዌሩ ላይ ቀይ ይበራል። እንዲፈርሙልኝ አልለምንዎትም። ባይፈርሙ ግን ምክንያቱን በገዛ እጅዎ ይጻፉልኝ፦ «የለካችውን አልቀይርም ስላለች» ብለው። አምስት ዓመቴን እንዳልነበረ ስቆጥረው፣ ቢያንስ በምን እንደተለወጠ የሚያሳይ አንድ ወረቀት በእጄ ይኑር።

ወገብዎን እግዜር ይማርልዎ፤ ሰላምታዬ በየደረጃው ላሉ የኮሚቴ አባላት ሁሉ ይድረስ፤ ተሰራቂውን ዶክተር ቴንዋንም እግዜር እንዲያጽናናቸው እመኛለሁ።

ታዛዥዎና፣ ራሷ እንደምታምነው፣ የራሷ ሥራ ባለቤት፣
ካጎያ ሮዳ

ማስታወሻ፦ ሁለተኛ ሌባ እንዳልባል ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት በሶፍትዌራችሁ አስመረመርሁት። ሠላሳ ከመቶ አለኝ። ቢሮዎ የሚገባ ወረቀት ሁሉ ሶፍትዌሩ ላይ ይጫናልና፣ የተመሳሰለው ከአራት ዓመት በፊት ዋንዴራ የተባለ የግብርና ተማሪ የመዘነውን የባቄላ ክብደት ለምን እቀይራለሁ ብሎ ካስገባላችሁ አቤቱታ ጋር ነው። ሰውየውን አላውቀውም። ከመዝገቡ እንዳየሁት መልስ አልተሰጠውም፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ በየትኛውም የተመራቂዎች ዝርዝር ላይ የለም። የሚኖርበትን የምታውቁ ከሆነ ንገሩኝ፤ ሄጄ ፈቃዱን ልጠይቀው።