የኡዱሶ ረግረግ የት ላይ ያልቃል?

ይድረስ ለተከበሩ የነጻው ካርታ አጣሪ ጉባኤ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ ጫማዎን ደግሞ በደረቅ መሬት ላይ እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። እኛ የኡዱኩላ መንደር ሰዎች፣ ቢያንስ ከጉልበታችን በላይ፣ ደኅና ነን።

አንደኛ፣ ስለ መስመሩ አመሰግናለሁ። አባቶቻችን የኡዱሶ ረግረግ የት እንደሚያልቅ በእርግጠኝነት ሳያውቁ ኖረው አልፈዋል፤ እርስዎ ግን ማንም በነጻ በሚያየው ካርታዎ ላይ በአንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ጨርሰውልናል። እኛ ኋላ ቀሮቹ በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ መሬቱ ከእግራችን ሥር መንቀጥቀጥ እስከሚጀምርበት ድረስ እንሄድና፣ እዚያ ባገኘነው የበርች ዛፍ ላይ ቀይ የሱፍ ክር እናስራለን። በዓመቱ ክሩ የሚታሰረው ሌላ ዛፍ ላይ ነው። ጎረቤቴ ጋሽ አዱ፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ «ይሄ ረግረግ እኮ እንደኔ እግር ነው፤ ሲያሻው ያብጣል፣ ሲያሻው ይጎድላል» ይላሉ። ባበጠ እግር ላይ ድንበር እንዴት እንደሚሰመር ጉባኤዎ ሳያውቅ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የራሳችንን ጥፋት ልናዘዝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዚያ ድርቅ በበዛበት በጋ፣ ከእርስዎ ዘንድ አንድ ትሑት ሰው መጥቶ ረግረጉ የት እንደሚያልቅ ሲጠይቀን፣ እኔና ጋሽ አዱ የዚያን ዓመት ክር አሳየነው። በሚቀጥለው ዓመትም መጥቶ ይጠይቀናል ብለን ነው። ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ የሚበቃው ሰው ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ ክሩ ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ እርምጃ ወደ መንደሩ ቀርቧል። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጻፍኩልዎ፤ ሦስቴም በትሕትና መለሱልኝ፦ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን ሄደው በአንድ ጠርዝ ካልተስማሙ ጠርዙ ሊረጋገጥ ስለማይችል፣ ያለው መስመር ባለበት ይቆያል። ታዲያ ከዚህ እስከዚህ አይታወቅም የሚል ሰፋ ያለ ቀለም ይቀባልን ብዬ ብለምንዎ፣ አለማወቅ በካርታ ላይ ስፍራ እንደሌለው አስረዱኝ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

አራተኛው ኬርቱ ናት። ኬርቱ የመንደራችን ነርስ ነበረች። ባለፈው ጥቅምት የጋሽ አዱን የእግር ቁስል ልታጥብ ስትመጣ፣ ዋናው መንገድ ዙሪያ ስለሆነባት ስልኳ ላይ ካርታዎን ከፍታ፣ ካርታው ሜዳ ብሎ አረንጓዴ በቀባው በኩል አቋረጠች። ሜዳው እስከ ደረቷ ዋጣት። የበርች ሥር ጨብጣ ሁለት ሰዓት ያህል ስትጣራ ቆየች፤ በገመድ ጎትተን ስናወጣት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። «እማማ ቫልቬ፣ ሜዳ ነው ይላል እኮ! ሜዳ ነው ይላል!» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ያን ክር በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝና።

ኬርቱ ድና ወደ ከተማዋ ወደ ፓርኑ ተመለሰች፤ ከእንግዲህ አትመጣም፤ አልፈርድባትም። የጋሽ አዱን ቁስል አሁን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ግን አልችልበትም። የእግራቸው አውራ ጣት መጥቆር ጀምሯል፤ እፈራለሁ።

ለመስመርዎ ጽናት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከዚሁ መስመር በደረቁ ወገን ተመዝግቤ በእርጥቡ የምኖር፣

ታዛዥዎ ቫልቬ ሶሳር

ማሳሰቢያ፦ ደግነቱ አዲስ ነርስ ተመድቦልናል፤ ራውኖ ይባላል፤ ሰኞ ጠዋት ጋሽ አዱ ቤት ይመጣል። ትናንት ደውዬ መንገዱን ላስረዳው ስጀምር፣ «ኧረ አይጨነቁ እማማ፣ ካርታው አለኝ» ብሎኝ ተሰናበተ። ደግሜ ብደውል አላነሳም። ገመዱን ከጎተራ አውጥቻለሁ፤ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝልኝ አንድ ሰው ከጉባኤዎ ቢላክልኝ ውለታዎን አልረሳም።