ያልተወሰደው ስታትስቲክስ

ለክቡር አቶ ልዑልሰገድ፣
የኮሌጃችን ሬጅስትራር ኃላፊ፣
አርባ ምንጭ

ባሉበት ቢሮ፣ ከሚሽከረከረው ወንበርዎና ከቬንቲሌተርዎ ጋር፣ የከተማችን ሙቀት ሳይነካዎት ሙሉ ጤና እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። እኔ በኮሌጁ በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ የማነሣዋ አበቡ ዳልጮ በጣም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ፣ ይታገሡኝ።

የምጽፈው ተማሪው ኮርሱን በስልኩ እንዲከታተል ስላመጡልን መተግበሪያ ነው። ውለታዎን በተራ ቁጥር ላስቀምጠው።

1. ወረቀት ይቀራል ብለውን ነበር። አሁን ተማሪው ስልኩ ላይ ያየውን እኔ ዘንድ ያሳትማል፣ እርስዎ ዘንድ ማኅተም ያስመታል፣ ማኅተም ያረፈበትን ደግሞ በሦስት ኮፒ እንዲያመጣ ይታዘዛል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ እንኳ ለእንጀራዬ እንዲህ አላሰበልኝም።

2. ከደጋው ከኦቾሎ ወርዳ የምትማር አንዲት ልጅ ቢሮዎ ስትመጣ መተግበሪያውን እዪ ትባላለች። በጓደኛዋ ስልክ ስትከፍተው ደግሞ ሬጅስትራር ቢሮ ይጠይቁ ይላታል። በሁለታችሁ መካከል ስትመላለስ ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ስፖርት ስላሠራችኋት እናመሰግናለን።

3. መተግበሪያው ፍላጎትዎን አሟልቻለሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ የሚያቀርበው መልስ ሁለት ብቻ ነው፤ «አዎ» እና «በጣም አዎ»። ተጠቃሚው መቶ በመቶ ረክቷል ብለው በስብሰባው ሲያነቡ ድምፅዎ እንዴት ያምር ነበር!

4. አሁን የልጄ የዕድላዊት ነገር። መተግበሪያው «ስታትስቲክስ፦ አልተወሰደም» ስላለ ስሟ ከቅዳሜው ምርቃት ተሰርዟል። ኮርሱን ወስዳ ቢ አምጥታለች፤ መምህሯ በፊርማቸው መስክረውላታል፤ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ውጤት ኮፒ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ይህን ሁሉ ይዤ ስመጣ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ መተግበሪያው የማያውቀውን ኮርስ እኛ አናውቅም አሉኝ። ላንቴ ቀበሌ ያሉት አጎቶቿ ለቅዳሜ በሬ ገዝተዋል፤ ለበሬው ምን እንበለው?

ግን ክቡርነትዎ፣ ያቺን ንግግርዎን ወድጃታለሁ። እባክዎ አጥብቀው ይያዙልኝ።

ደጅዎ ላይ ጫማዋን ጨርሳ፣ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣዎት፣ የማኅተምዎ አድናቂ፣
አበቡ ዳልጮ

ግልባጭ፦ ለሱቄ በር

የረሳሁት፦ መተግበሪያው ለእንግዶች ይፋ በሆነ ዕለት፣ ለማሳያ ብለው የራስዎን ገጽ በአርባ ኮፒ እንዳባዛ ልከውልኝ ነበር፤ እርስዎም በኤክስቴንሽን የተመረቁት ከዚሁ ኮሌጅ ነውና። ትናንት የተረፈውን ቅጂ ለመጠቅለያ ሳነሣ ዓይኔ አረፈበት። አራተኛው መስመር «ስታትስቲክስ፦ አልተወሰደም» ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ማኅተም። እንግዲህ ወይ ቅዳሜ ዕድላዊት ጋዋኗን ትለብሳለች፣ ወይ እርስዎ ወንበሩን ለቀው ከእርሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለተኛውን ከመረጡ አይጨነቁ፤ የልጄ ደብተር ንጹሕ ነው፣ ኮፒውን በነጻ አነሣልዎታለሁ።