የዘጠኙ ጎጆዎች ዝውውር

ሰኞ፣ ሐምሌ 4

ጨረስኩ። ዘጠኙም ጎጆዎች ወርደዋል፣ አንድ እንቁላል እንኳ አልተሰነጠቀም። ወገቤ ግን ተቆርጧል።

ነገ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች አህያና ጆንያ ይዘው የአሸዋውን ጉብታ ሊቆፍሩ ይመጣሉ። ወረታ ከተማ ለሚሠራው የስብሰባ አዳራሽ አሸዋ ታዟል። የማኅበሩ ካድሬ «ጉብታውን አጽድተህ ጠብቅ» ብሎኝ ነበር። ጉብታው ላይ ያለው እንግዲህ የአሸዋ ወፍ ብቻ ናት። ደመወዝ የሚከፈለኝ ደግሞ እሷን እንድጠብቅ ነው። ስለዚህ አምስት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን ጎጆ ከነአሸዋው በሰፌድ እያነሳሁ፣ በቀን ጥቂት ክንድ ብቻ፣ ከአናቱ ወደ ሐይቁ ዳር ሳወርድ ሰነበትኩ። ቀስ ካሉ እናቲቱ ትከተላለች። ተከተለች።

የወፍ ጥበቃ ጣቢያችን አንድ ቆርቆሮ ቤት፣ ሦስት በጭድ የታጨቁ ወፎች፣ አንድ ሰሌዳና እኔ ነን። የአገሩ ሰው «የወፍ ቤት» ይለዋል። እኔን ደግሞ፣ አባቴ ቄስ ስለነበሩ፣ «የወፍ ቄስ»። ዛሬ ስሙ የተገባኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ጾም ተፈታ። በእህቴ በባንቺ ቤት በላሁ። ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ከመደብ አልወረደችም። ልጁ የአባታችንን ግንባር ይዟል። ቤታቸው ከርብ ወንዝና ከሐይቁ መካከል፣ ረባዳው ላይ ካሉት ሠላሳ ከሚሆኑ ቤቶች አንዱ ነው።

ስመለስ የጉብታው ግማሽ ተቆርጦ ሄዷል። ወፎቹ ግን ታች ተኝተዋል። ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ!

የረባዳው ሰፈር ሽማግሌ አያ ታከለ መጡ። ጾም በተፈታ ማግስት በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ከእሳቸው በፊት አባታቸው ይመጡ ነበር። የአሸዋ ወፍ የጣለችበትን ያያሉ። ከፍ አድርጋ ከጣለች ውሃው ይከብዳል፣ ረባዳው ሰፈር ከብቱንና እህሉን ይዞ በይፋግ በኩል ወዳለው ኮረብታ ይወጣል። ዝቅ አድርጋ ከጣለች ይቀመጣል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እያወቅኩ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም! ለሚጎበኙን ተማሪዎች ሁሉ «ኋላ ቀር እምነት ነው» እያልኩ ሳስተምር ለካ ራሴንም አስረስቼዋለሁ።

አያ ታከለ ታችኛው ጎጆ ዘንድ ተንበርክከው አዩ። የደንገል ዘንግ እጎኑ ተከሉ። «ዘንድሮ ውሃው ከዚህች አያልፍም። ተመስገን» አሉ። ከዚያ ዞረው፣ «የወፍ ቄስ፣ እንዲያው ምነው ከሳህ?» አሉኝ።

ካድሬው አጠገቤ ቆሞ ይስቅ ነበር። «ደህና ነኝ» አልኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 7

ሥላሴ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ራሴን የማጽናናበት፦

አንደኛ፣ ወፍ ስለ ዝናብ ምን ታውቃለች?
ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመትም ዘንቦ ነበር።
ሦስተኛ፣ ሦስተኛ የለኝም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ካድሬው ሰው ሰብስቦ፣ በእርሻ ዘመቻ ጊዜ ያለ ፈቃድ ሰፈሩን የሚለቅ አድኃሪ ነው፣ ልቀቁ ብሎ የሚያስወራ ደግሞ ወረታ ወስዶ እንደሚያስረው ተናገረ። ሲናገር እኔን ያየ መሰለኝ። አላየኝም። እኔ ነኝ የማየው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

ጉና ላይ ሰማዩ ጥቁር ነው። ርብ ቀይ ሆኖ፣ ግንድ ይዞ እየወረደ ነው። ሐይቁ ከትናንት ሁለት ክንድ ወደ ጉብታው ገብቷል።

ልነግራቸው ወጣሁ። የአያ ታከለ በር ላይ ስደርስ እግሬ ወደ ባንቺ ቤት ወሰደኝ። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም። እስሩን ፈራሁ። ከእስሩ ይበልጥ ደግሞ የአያ ታከለን ዓይን።

«ወንድምዓለም፣ ምነው ፊትህ?» አለችኝ ባንቺ።

«ውሃው አላማረኝም» አልኳት።

«አያ ታከለ አይተውት የለ እንዴ! አንተ ደግሞ፣ ባለ ሰሌዳው፣ ዛሬ ውሃ ትፈራ ጀመር?» ብላ ሳቀች። ልጁን አቅፌ ትንሽ ቆይቼ ተመለስኩ። ይህን የጻፍኩት ማንም እንዲምረኝ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9

ጠዋት ታችኛው ጎጆ ውሃ ውስጥ ነበር። እናቲቱ ከላዩ እየበረረች ትጮኻለች። ደንገሉ ግማሹ ሰጥሟል። ሮጥኩ።

አያ ታከለ በሬ እየጠመዱ ነበር። ቆሜ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«የት ነበሩ ጎጆዎቹ?»

«አናቱ ላይ ነበሩ፣ አያ። ሁሉም አናቱ ላይ።»

ቀንበሩን ለቀቁት። «አናት ላይ… አባቴም አናት ላይ ያየው አንዴ ብቻ ነው። አንተ ልጅ፣ ረቡዕ እዚያው ቆመህ አልነበር? አፍህን ምን ያዘው?»

«ፈራሁ።»

አልሰደቡኝም። ዞረው «ተነሱ!» እያሉ በየደጁ ሮጡ፣ በሰባ ዓመታቸው፤ ዳር ወዳሉት ቤቶች ጎረምሶች ላኩ። ካድሬው ወረታ ለስብሰባ ሄዶ ነበርና የከለከለ አልነበረም። ባንቺን በቃሬዛ አራት ሆነን ተሸከምናት፣ ልጁ ደረቷ ላይ። ከብቱ ዋኝቶ ወጣ። ግማሹ እህል ቀረ።

ኮረብታው ላይ ሰው ሲቆጠር እማሆይ ወለቱ የሉም። አንዱ ጎረምሳ፣ «እማሆይ ‹ደንገሉን የተከሉት አያ ታከለ ናቸው፣ እሳቸው ራሳቸው መጥተው ካልነገሩኝ አልነሳም› ብለውኛል» አለ። አያ ታከለ ይህን ሲሰሙ መቋሚያቸውን አንስተው ቁልቁል ወረዱ። ልከተላቸው ስል፣ «አንተ እህትህን ጠብቅ። ተቀመጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አሉኝ።

ብዙም አልቆየም፣ ርብ ጥሶ ሲመጣ ከላይ ሆነን አየነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 10

ረባዳው ሐይቅ ሆኖ አደረ። የሦስት ቤት ጉልላት ይታያል። ያልተቆፈረው የጉብታው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ከውሃ በላይ ቀርቷል፣ ጎጆዎቹ የነበሩበት ስፍራ። ወፎቹ አልተሳሳቱም ነበር። ዘጠኙንም የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ ያውም በሰፌድ፣ ቀስ ብዬ።

ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዳቦ ሲታደል ለእኔም ደረሰኝ፣ ያቀበለችኝ የአያ ታከለ ልጅ ናት።

ባንቺ ልጇን እያጠባች፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?» አለችኝ።

«ከረቡዕ።»

«ዓርብ ቤቴ መጥተህ አልነበር?»

«መጥቼ ነበር።»

ነጠላዋን በልጁ ላይ ሳበችና ፊቷን አዞረች።

ጠዋት ሁለት ቀዛፊዎች በአንዲት ታንኳ አያ ታከለንና እማሆይን ፍለጋ ወጥተው ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ቆሟል፣ እኔም ቆሜ ነው የምጽፈው። ታንኳዋ በዛፎቹ ጫፍ መካከል እየተመለሰች ነው። የአያ ታከለ ልጅ አጠገቤ ሆና ድምፅ ሳታወጣ ትቆጥራለች። እኔም እቆጥራለሁ። ሁለት ይሁኑ አራት ከዚህ አይለይም።