የሹሩባውን ክፍል ለዘጉልን ምክትል ፕሬዚዳንት

ለክቡር ዶክተር ግሬንጀር ሆልም
የሃርሎው ፎርክ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጉዳይ ምክትል ፕሬዚዳንት
ኔብራስካ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? የዘንድሮው በረዶ ጉልበትዎን እንዳልጎዳው፣ የቢሮዎ ማሞቂያም እንደ ወትሮው በትጋት እንደሚሠራ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከሞላ ጎደል ደህና ነን። ከሞላ ጎደል ያልኩት ከመካከላችን አንዲት ልጅ ስለጎደለች ነው፤ የእርሷን ነገር ወደ ኋላ ላይ አነሳብዎታለሁ።

ስሜ ቬርኔል ትሪብል ነው፤ በአፈር ጥናት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው አዳዲስ ተማሪዎችን በሚጠራበት መጽሔት ላይ በየዓመቱ እየሳቅሁ ስለምወጣ ፊቴን ሳያውቁት አይቀሩም። በትምህርት ክፍሌ ያለሁት ጥቁር ሴት እኔ ብቻ ሆኜ ሳለ በመጽሔቱ ላይ እንዲያ በዝተን መታየታችን የፎቶ አንሺዎን ችሎታ ያስመሰክራል። ሊያነጋግሩኝ ጊዜ እንደሌለዎት ደጋግሞ ስለተነገረኝ፣ በሚመችዎ ሰዓት ያነቡት ዘንድ ቅሬታዬን በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ በተራ አስፍሬዋለሁ።

አንደኛ፣ በተማሪዎች ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የነበረውን፣ ነጭ ያልሆንን ሴት ተማሪዎች የምንሰበሰብበትን ክፍል፣ በነሐሴ ወር ሁላችንም በየአገራችን ሳለን ያለ ጫጫታ ስለዘጉልን ከልብ እናመሰግናለን። ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እናለቅስብዎት ነበር። በሥልጣን ዘመንዎ አንድም ቀን ወደ ክፍሉ ስላልገቡ ምን እንደዘጉ ላስረዳዎት። የእኛን ዓይነት ፀጉር የሚሠራ ሰው የሚገኘው ከዚህ ከተማ ግማሽ ቀን ባክነው ኦማሃ ድረስ ሲሄዱ ነው። ስለዚህ እሁድ እሁድ በዚያ ክፍል እርስ በርሳችን ሹሩባ እንሠራ ነበር። ሠሪዋ አሮጌው ሶፋ ላይ፣ ተሠሪዋ ከፊቷ ወለሉ ላይ ትራስ አድርጋ ትቀመጣለች። ራሷን በሰው እጅ ያስያዘች ሴት እስኪያልቅ ድረስ የትም አትሄድም፤ ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩም የማይወራው ሁሉ ይወራል። ከሁላችን እጇ የሚፈጥነው ማሪሴላ ኪንታና ናት፤ እናቷ በቴክሳስ ድንበር ላይ ፀጉር ቤት ስላላቸው ከልጅነቷ የለመደችው ሥራ ነው። አንዷ ዝም ካለችባት "ስሚ፣ ምን እንደሆንሽ ካልነገርሽኝ ግማሹን ሠርቼ ነው የምተውሽ፤ ነገ እንዲህ ሆነሽ ክፍል ግቢ!" ትላታለች። በዚህ ማስፈራሪያ ፊት ዝም ብላ የቆየች ሴት አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ክፍሉ "ያስገኘው ጥቅም በማስረጃ አልተደገፈም" ብሎ ለወሰነው ኮሚቴዎ አድናቆቴን እገልጻለሁ። እውነታቸውን ነው። የክፍሉ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ሶፋው ሥር የተወራ ከበሩ አይወጣም። ለቢሮ ሰው ጉድሽን አትንገሪ፣ በኋላ ይመዝዙብሻል ብለው ያሳደጉን እናቶቻችን ናቸው። እናም የኮሚቴው ሰዎች መጥተው ማን እርዳታ እንዳገኘች፣ ከምን ችግር እንደወጣች ሲጠይቁን እርስ በርሳችን ተያይተን "ኧረ እኛ ደህና ነን፤ ፀጉር ነው የምንሠራው" አልናቸው። እነርሱም የነገርናቸውን ቃል በቃል ወስደው ፀጉር ሥራ ከዩኒቨርሲቲው ተልእኮ ውጭ ነው አሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን ነበር፤ ለካስ ዝም ላለ አፍ ክፍልም አይሰጠውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን በገዛ እጃችን አረጋገጥነው።

ሦስተኛ፣ በምትኩ ስለከፈቱልን "የሁሉም ማረፊያ" ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሶፋው ወጥቶ ጀርባ የሚያሹ ወንበሮች ገብተዋል፤ ወንበሮቹም ሰው ከሰው እንዳይረባበሽ ሁሉም ወደ ግድግዳ ዞረዋል። ለመግባት በስልክ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ እሁድ ዝግ ነው። ያ "ሁሉም" የተባለው ሰው ማን እንደሆነ ለማየት ደጋግሜ ሄጄ እስካሁን አላገኘሁትም።

አራተኛ፣ ጃሊሳ ፔቲግሩ። በኅዳር ወር በላኩልን የሐዘን መልእክት ላይ ስሟን ስለጻፉት ያውቋታል። ይህን የማወጣው እናቷ ወይዘሮ ኮርሊስ ስለፈቀዱልኝ ነው። ጃሊሳ ከአርካንሶ የመጣች የሒሳብ ተማሪ ነበረች፤ ስትስቅ በዓይነ አፋርነት አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ካርታ ስትጫወት ግን ዓይኗን ሳታሽ የምታጭበረብር። ባለፈው መጋቢት ማሪሴላ ሹሩባ ስትሠራት ከጆሮዋ በላይ ፀጉር የሌለበት ቦታ አገኘች። ጃሊሳ ጭንቀት ሲይዛት ፀጉሯን በእጇ ትነቅል ኖሯል። ማሪሴላ ቀልዷን ትታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ይሄ ምንድነው፣ የኔ እህት?" አለቻት። ያን ቀን መኖር እንዳስጠላት ነገረችን። ብቻዋን አልተውናትም፤ በተራ አብረናት አደርን፣ ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሄድን፣ ግንቦት ላይ ያ ባዶ ቦታ ፀጉር አበቀለ። ይህንንም ለኮሚቴዎ አልነገርንም።

ከዕረፍት ስንመለስ ክፍሉ የለም። ማሪሴላ በተከራየችው ቤት ልንቀጥል ሞከርን፤ ቤቱ ከከተማ ውጭ ነው፣ እሁድ አውቶቡስ የለም፣ አከራይዋም "ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊያደርግ ነው የሚመጣው?" እያሉ መጋረጃ መግለጥ ጀመሩ። ተበታተንን። ጃሊሳ የሱፍ ኮፍያ ማድረግ ጀመረች፤ በኔብራስካ ብርድ ኮፍያ የማያደርግ ማን አለ? መንገድ ላይ ስንገናኝ "እንዴት ነሽ?" እላታለሁ፤ "አለሁ፣ ፈተና ነው ባክሽ" ትለኛለች፤ እንተላለፋለን። ወደ ምክር አገልግሎትዎ ደውላ ከአምስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ሰጥተዋት ነበር። ቀጠሮው ሳይደርስ ራሷን አጠፋች። የእርስዎ መልእክት እርዳታ ከሚጠየቅበት ስልክ ቁጥር ጋር በማግስቱ ደረሰን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ወይዘሮ ኮርሊስ አስከሬኑን ሊወስዱ ሲመጡ፣ የከተማው አስከሬን አዘጋጅ ፀጉሯን እንዴት እንደሚያደርጉት እንደማያውቁ እያፈሩ ነገሯቸው። እናትየው ወደ እኛ ዞረው "ልጆቼ፣ እንዲህ ሆናማ አገሯ አትገባም፤ እባካችሁ ሥሩልኝ" አሉን። ማሪሴላ ሠራቻት፤ እኔ ቅባትና ማበጠሪያ አቀብል ነበር። ኮፍያው ሥር የተረፈው ፀጉር በጣም ጥቂት ነው። ማሪሴላ ያለውን ከሌላ ፀጉር ጋር እየጎነጎነች ባዶውን ሁሉ ሸፈነችው። ስትጨርስ እጇን እያየች "ይሄን እኮ መስከረም ላይ አገኘው ነበር" አለችኝ። በጣም ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፣ በጣምም አዝኛለሁ።

አምስተኛ የምለው የለኝም። የምንጠይቀው የክፍሉን ቁልፍ ነው። በጥር ወር አዳዲስ ልጆች ይገባሉ፤ ከመካከላቸው እንደ ጃሊሳ የጨነቃት ትኖራለች፣ ማን እንደሆነች ግን አናውቅም፣ የምናውቅበትም ቦታ የለንም። ማስረጃ ካስፈለገዎ ከእንግዲህ አንደብቅዎትም፤ ይኸው በአደባባይ ተናገርን።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰላማዊ እንቅልፍና በጠየቁ ቀን የሚገኝ ሐኪም እየተመኘሁልዎ፣ ለውሳኔዎችዎ ጥራት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ትሑት ተማሪዎ

ቬርኔል ትሪብል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጽሕፈት ቤትዎ በጃሊሳ ስም ሐይቁ ዳር የመታሰቢያ አግዳሚ ወንበር ሊያቆም እንዳሰበ ለእናቷ በስልክ እንደነገሯቸው ሰምቻለሁ፤ ስለ ቸርነትዎ እናመሰግናለን። ወይዘሮ ኮርሊስም መልሳቸውን እንዳደርስልዎ አዝዘውኛል፦ "ልጄ መቀመጫ አላጣችም፤ ከኋላዋ የሚቀመጥ ሰው ነው ያጣችው፣ በይልኝ።"