በአንድ ስልክ ስለተቆለፉ እግሮች

ለአነስተኛ ንግዶች ማዘመኛ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ሙያዬ ሆኖብኝ ከሌላው አካልዎ ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ እግርዎ ነው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ባለ አንድ መስኮት ሱቅ፣ እግራቸው እኩል ላልሆነ፣ ለተጣመመ ወይም ለታመመ ሰዎች በልክ ጫማ የምሠራ ሴት ነኝ። ሥራውን ያስተማረኝ አባቴ ሲሆን፣ ከሱቁ ጋር ያወረሰኝ ሀብት የደንበኞቹ እግር አንድ በአንድ የተነደፈባቸው ካርቶኖች ነበሩ። ነበሩ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን ላመስግንዎ። ባለፈው ዓመት በአዳራሽዎ ሰብስበው ንግድ በክላውድ እንዴት እንደሚጠቀም ለሁለት ቀናት ስላስተማሩን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። መዝገባችን ከመደርደሪያችን ወጥቶ ሩቅ ባሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች እንደሚቀመጥ፣ ሱቁ ቢቃጠል እንኳ እንደማይጠፋ፣ የትም ሆነን ልናየው እንደምንችል ሲነግሩን እጃችን እስኪቀላ ካጨበጨብነው መካከል ነበርኩ። የተናገሩትም ሁሉ እውነት ነበር። ጎረቤቴ የፋርማሲ ባለቤት ለዚህ ምስክር ናት። እሷ ስልጠናው ላይ አልነበረችም፤ መዝገቧን በራሷ ስልክ ከፍታ፣ ባሏን ሁለተኛ ባለቁልፍ አድርጋ፣ በየሳምንቱ አንድ ግልባጭ ቤቷ እያስቀመጠች፣ ወረቀቶቿንም ስድስት ወር ሙሉ ሳትጥል እየሞከረች ነው ቀስ ብላ የገባችበት። ቧንቧ ፈንድቶ ሱቋን ውሃ ሲያጥለቀልቀው ከመዝገቧ አንድ መስመር አልጎደለም። ስለዚህ እኔ ከክላውዱ ጋር ጠብ የለኝም።

ቅሬታዎቼን፣ ውድ ጊዜዎን ላለማባከን፣ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

1ኛ. የመቶ አሥራ ሁለት ሱቆች መዝገብ በአንድ ስልክ ቁጥር፣ ያውም በእርስዎ፣ እንዲመዘገብ ስላዘዙ። ጽሕፈት ቤትዎ ማህተም በመሳቢያ ቆልፎ መያዝ የለመደ ነውና የይለፍ ቃሉንም እንደ ማህተም ቢያዩት አልፈርድብዎትም። ስለዚህም እያንዳንዳችን የገዛ መዝገባችንን ለመክፈት ጠዋት ጠዋት ወደ ጸሐፊዎ እንደውላለን፤ ጸሐፊዎ ወደ ቢሮዎ ይገባሉ፤ እርስዎ በስልክዎ የመጣውን ባለ ስድስት አኃዝ ማረጋገጫ ያነቡላቸዋል፤ እሳቸውም ወጥተው ይነግሩናል፤ ቁጥሩ ግን ዕድሜው አንድ ደቂቃ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይሞታል። የሰፈራችን ቁልፍ ሠሪ ይህን ሲሰማ፣ «እኔ ቁልፉ የጠፋበትን ሰው ቤት ለመክፈት እንኳ ይህን ያህል ደክሜ አላውቅም» ብሎ ስቆብናል።

2ኛ. ካርቶኖቼን ስለወሰዱልኝ። ሠራተኞችዎ ሁሉንም ስካን ካደረጉ በኋላ፣ ወረቀቱ እጃችን ላይ ከቀረ ወደ አሮጌው ልማድ እንመለሳለን ተብሎ ተፈርቶ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ሊወገድ ሄደ። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ያለበትን አንዱን እንኳ ለማስቀረት ለምኜ ነበር፤ መመሪያው እንደማይፈቅድ በትሕትና ተነገረኝ። ፈርሜ አስረከብኩ። የፈረመው የእኔ እጅ ነው፤ ይህን ከእርስዎ አልደብቅም፣ ከራሴም መደበቅ አቅቶኛል።

3ኛ. ስለ ጉዞዎ። ስለ ክላውድ ለመወያየት ለሃያ ቀን ጉባኤ ተመርጠው ወደ ውጭ አገር በመሄድዎ እንኳን ደስ ያለዎት። ስልክዎን ዘግተው ይዘውት ሄዱ። በሄዱ በሦስተኛው ቀን አንዲት አስተማሪ ደወለችልኝ።

ይህችን ሴት እንዲያውቋት እፈልጋለሁ። የምታስተምረው በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለ ከተማ ነው። የስኳር ሕመም የእግሯን ስሜት ስለወሰደው፣ ሚስማር ቢወጋት አታውቅም። አባቴና እኔ ለዓመታት እየለካን፣ እየነደፍን፣ የውስጥ ሶሉ የት ቦታ ጎድጎድ ማለት እንዳለበት ደርሰንበታል፤ በዚያ ጫማ አሥራ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማለች። ያን ዕለት፣ «ሶሉ ተላቀቀብኝ፣ ፈተና ላይ ስለሆንን መምጣት አልችልም፣ ልኬ እንደሆነ አንቺ ጋ አለ፣ ሠርተሽ በአውቶቡስ ላኪልኝ የኔ እህት» አለችኝ። እኔም አለ አልኩ። የት እንዳለ ለመናገር አፈርኩ።

አሥራ አንድ ጊዜ ደጅዎን ጠናሁ። ጸሐፊዎ ደግ ሰው ናቸው፤ ባየኋቸው ቁጥር ውሃ ይሰጡኛል፣ ኮዱ እርስዎ ጋ እንደሆነ፣ እርስዎም ጉባኤ ላይ እንደሆኑ ይነግሩኛል። በግምት ልሥራላት ብዬ ቆዳ ቆርጬ ነበር፤ ጉድጓዱ በጣት ውፍረት ከሳተ ያው ጫማው ራሱ እንደሚያቆስላት ስለማውቅ እጄ እምቢ አለኝ። ታገሺኝ እያልኩ አዘገየኋት። እሷ ደግሞ ተማሪዎቿን ጥላ ቤት መቀመጥ አልሆነላትም፤ ከገበያ የተገዛ ጫማ አድርጋ ፈተናውን ስትቆጣጠር ሰነበተች። መቁሰሏን ያወቀችው በሕመም ሳይሆን ካልሲዋን ስታወልቅ ነው። ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢንሸራተት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ተቃጥያለሁ። እርስዎ ሲመለሱ ኮዱ መጣ፤ መዝገቡ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተከፈተ። የአስተማሪዋ እግር ንድፍ እዚያው ነበር፣ ከካርቶኑ ይልቅ ጥርት ብሎ፣ የአባቴ ምልክት ሳይቀር። ክላውዱ ቃሉን ጠብቋል። ኮምፒውተሮቹ ሃያውንም ቀን ነቅተው ነበር።

4ኛ. ስለ ምላሽዎ። ለአቤቱታዬ «የተፈጠረው መጠነኛ የኔትወርክ መቆራረጥ ነው» ብለው በማህተም ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ማህተሙ በጣም ግልጽ ሆኖ ይነበባል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሱቅ የራሱን ቁልፍ ይስጡ። የፋርማሲዋ ባለቤት እንዴት እንደሚደረግ በግማሽ ቀን ልታሳይዎ ፈቃደኛ ናት፤ ጉባኤም አያስፈልገውም።

በሁለት እግርዎ ጸንተው ለረጅም ዘመን እንዲቆሙ እየተመኘሁ፣ ከበሬታዬን ዝቅ ብዬ፣ ሥራዬ ሆኖ ሁልጊዜ ወደማየው ወደ ጫማዎ እየተመለከትኩ አቀርባለሁ፤

ካርቶኖቿን ያስረከበችው ጫማ ሠሪ

ማሳሰቢያ፦ አስተማሪዋ ባለፈው ሳምንት በክራንች መጥታ የግራ ጫማ አዛኛለች። ትእዛዟን በእርስዎ ቅጽ ልመዘግብ ብል የሁለቱም እግር ልክ ካልተሞላ አላልፍም አለኝ፤ ለቀኙ ዜሮ ብጽፍ «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» ይለኛል። ትክክለኛውን ቁጥር እርስዎ የሚያውቁት ከሆነ እባክዎ በጸሐፊዎ በኩል ይላኩልኝ። ይህኛው እንኳ ቢዘገይ ግድ የለም።