ጓጉንቸር ነው፣ መምህር

ውድ ተማሪዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ እንደማታነቢው አውቄ ነው። ብታነቢው ኖሮ ለመጻፍ ድፍረቱም አይኖረኝም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የጻፈውን ሳርም ኖሬ፣ አንድ ደብዳቤ እንዲህ እጄን ያስረኛል ብዬ አላሰብኩም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይሄኛውን ቢበላሽም አልቀደውም።

ክፍሉ ውስጥ ካወጡልሽ ስም ልጀምር። «ባቡር» ይሉሽ ነበር። የልብስ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው የቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት፣ በዚያ ወጥ ወጥ በሚሸት የምግብ አዳራሽ፣ ሃያ ስምንት ጎልማሶች ትማሩ ነበር። ትምህርቱ የሚያልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንቺ ግን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ እኔ ንግግሬ መሀል ላይ ብሆን እንኳ፣ ደብተርሽን ሰብስበሽ ትነሻለሽ። ያ ቀልደኛ መካኒክ «ባቡር ተነሳች! የቀራችሁ ተሳፋሪዎች ቶሎ በሉ!» ይላል። አዳራሹ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። ባልሽ ከፋብሪካው በር ማዶ ቆሞ ሰዓቱን እያየ እንደሚጠብቅሽ፣ ፍተሻውን አልፈሽ ልክ በአሥራ አንድ ካልወጣሽ የሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሌለሽ ማን ነገረኝ? ማንም። ማንንስ ጠየቅኩ? ማንንም።

ስለ ትእምርት ያስተማርኩበትን ቀን ደግሞ ልርሳው ብልም አልረሳውም። «ትእምርት ማለት አንድ ነገር ራሱን ሆኖ ሌላም ነገር ሲወክል ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከዕለት ኑሯችሁ ምሳሌ አምጡ አልኳችሁ። መካኒኩ የትራፊክ መብራት አለ። የመጋዘኗ ጸሐፊ የጋብቻ ቀለበቷን አሳየች። አንቺም በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅሽን አወጣሽ። የካውያ ክፍል ሠራተኛ ነበርሽና፣ የለበስሽውን ሸሚዝ ኮሌታ ገልብጠሽ ውስጡ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አሳየሽን።

«እዚህ ላይ የካውያ ሥዕል አለ» አልሽ። «ውስጡ አንድ ነጥብ ከሆነ ለብ ባለ ካውያ ነው። ሦስት ነጥብ ከሆነ በጋለ። ኤክስ ከተደረገበት ግን ጨርሶ አይነካም። ምልክቱን ሳያይ የሚተኩስ ሰው ልብሱን ያቃጥለዋል፤ ከዚያ በኋላ ይቅርታ ቢጠይቅ ልብሱ አይመለስም።»

እኔስ ምን አልኩሽ? «ጥሩ ነው፣ ይህ ተራ ምልክት ነው። ትእምርት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው» ብዬ አለፍኩሽ። አንቺም ኮሌታሽን አስተካክለሽ ተቀመጥሽ።

ስለ አንድ ክፍል ታሪክ ጻፉ ብዬ የቤት ሥራ የሰጠኋችሁ ከዚያ በኋላ ነው። የሌሎቹ ከአንድ ገጽ አላለፈም። አንቺ ስድስት ገጽ ይዘሽ መጣሽ። እንዲህ የሚል ነበረበት፦

«እሁድ እሁድ ሰውየው ወደ ጥበቃ ሥራው ሲሄድ ሴትዮዋ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። መጀመሪያ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ሰንሰለቱ ይጎተታል። ከዚያ ጓጉንቸሩ ቀጭ ይላል። ቀጭ ካለ በኋላ ውሃዋን ታያለች። እስከ ማታ ያላት ያቺ ሰማያዊ ባልዲ ናት።»

ሳነበው ደስታ አላስቻለኝም። የካውያ ክፍል ሠራተኛ፣ ያለ ማንም እርዳታ፣ ይህን የመሰለ ትእምርት ፈጠረች አልኩ። ደስታው ለአንቺ ብቻ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። የእኔ ትምህርት ፍሬ አፈራ ብዬ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው ፊት አቁሜሽ ታሪኩን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ማብራራት ጀመርኩ። ሰንሰለቱ ልማድ ነው፤ ባልዲው እየጎደለ የሚሄድ ዕድሜ ነው፤ ጓጉንቸሩ ደግሞ...

«መምህር» አልሽ። «ጓጉንቸር ነው።»

«እሱማ በታሪኩ ውስጥ ጓጉንቸር ነው። ግን ምንን ይወክላል?»

«ምንንም አይወክልም። ጓጉንቸር ነው፣ መምህር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መካኒኩ፣ አመሉ ነውና፣ «ስንት ቁጥር ጓጉንቸር?» አለ።

«ስልሳ ሦስት ቁጥር» አልሽው። ፊትሽ ላይ ፈገግታ አልነበረም።

ይብስ ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በምናብ የተፈጠረ ጓጉንቸር ቁጥር እንደሌለው የማያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም፤ አንድም ሰው ግን ዞሮ አላየሽም። አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተነስተሽ ወጣሽ።

ደብተርሽ ጠርዝ ላይ በቀይ እንዲህ ብዬ ጽፌ መለስኩልሽ፦ «ድንቅ ነው! ጓጉንቸሩ እውነተኛ ጓጉንቸር አይደለም፤ ሴትዮዋ በገዛ ልቧ ላይ የቆለፈችው ፍርሃት ነው። መጨረሻ ግን ይጎድለዋል። ጨርሺው።» በገዛ ልቧ ላይ! ምን ብለሽ አንብበሽው ይሆን? ያንን ገጽ ይዘሽ ወደዚያ ቤት ስትገቢ ምን ተሰምቶሽ ይሆን?

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጨረሻውን በሁለት ቅጠል ወረቀት ጽፈሽ፣ ከደብተሩ ጋር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ወረቀትሽን አረምኩ። ማክሰኞ መካኒኩ ቤቴ ድረስ መጣ። በሩን ስከፍት ቆቡን በእጁ ይዞ ነበር፤ ሳይቀልድ ያየሁት ያኔ ነው።

«የባቡርን ነገር ሰሙ?» አለኝ። ወዲያው የጠራሽበት ስም አሳፈረው መሰለኝ፣ አቀርቅሮ ነገረኝ።

እሁድ ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከአከራይሽ ቤት ወደ ክፍልሽ የተሳበው የኤሌክትሪክ ገመድ ተያያዘ። ጎረቤት በሩ ሲደበደብ ሰምቷል። መስኮቱ ፍርግርግ ነበረው። በሩን በመጥረቢያ እስኪፈልጡት ድብደባው ቆሞ ነበር። ሰኞ ወረቀትሽን ሳርም፣ አንቺ አስከሬን ክፍል ነበርሽ።

ደብተሩን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «ይህ ልብ ወለድ ነው ወይስ የዕለት ማስታወሻ?» አለኝ። «የቤት ሥራ ነው» አልኩት። ቢሆንም ተቀበለኝ። ባልሽ ተከሰሰ። በሩን ቆልፎ ሰው ለሞት ዳርጓል ተባለ። እሱ በሩ በሙቀቱ አብጦ ተጣብቆ ነው አለ። ጓጉንቸሩን ማንም አላገኘውም። ፖሊስ ሳይደርስ እሱ ደርሶ ነበርና። አከራይሽም ችሎት ቀርባ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ «ጭስ ነበር፤ አላየሁም» አለች። የቀረው የአንቺ ጽሑፍ ብቻ ነበር።

ባልሽ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሶ ነበር የሚመጣው። ሸሚዙ ጥቁር፣ ሱሪው ጥቁር፣ መሀረቡ እንኳ ጥቁር። በገባ ቁጥር በችሎቱ ያለው ሰው ሁሉ በሐዘኔታ ያየው ነበር። ልብሱ ምን እንደሚል ሁሉም ያውቃላ።

ጠበቃው ደብተሩን ከፍቶ ሰጠኝ።

«ይህ በቀይ የተጻፈው የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ለችሎቱ ያንብቡልን።»

አነበብኩ።

«ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ ባለሙያ፣ ይህ ጓጉንቸር እውነተኛ አይደለም ብለው በእጃቸው ጽፈዋል ማለት ነው።»

«ተሳስቼ ነበር» አልኩ። «እሷ ጓጉንቸር ነው ብላ ነግራኛለች። ቁጥሩን ሳይቀር ተናግራለች።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ሳቅኩ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ምስክር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚያን ሰዓት፣ በእውነት የደረሰባትን እየነገረችኝ ነው ብለው አምነው ነበር?»

ባልሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «አዎ» ብል ማን ይከራከረኝ ነበር? ስንቴ በልቤ እዚያ ወንበር ላይ ተመልሼ ቁጭ ብያለሁ፤ ስንቴ «አዎ» ብያለሁ። የዚያን ቀን ግን ምዬ ነበር፤ እውነቱም ሌላ ነበር።

«አላመንኩም» አልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በቂ ማስረጃ አልቀረበም ተብሎ ነጻ ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ የእጁን ሰዓት አየ።

የፍርድ ቤቱ ደረጃ ሥር አንዲት ሴት አስቆመችኝ። አይቼያት አላውቅም፤ ግን ግንባሯ የአንቺ ግንባር ነው። «ታላቋ ነኝ» አለችኝ። ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እጇ በበረኪና ተልጧል። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች። «ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው እህትሽ ጽፋለች፣ ጽፋለች ይሉኛል። ምን እንደጻፈች የነገረኝ የለም። ያንብቡልኝ።»

ደብተሩ ፍርድ ቤት ቀርቷል፤ ኮፒው ግን በቦርሳዬ ነበር። አጥሩ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። በኮፒው ላይ ቀዩ ቀለም ጥቁር ሆኗል፤ ያንቺና የእኔ ጽሑፍ በቀለም አይለይም። ያንቺን ብቻ እየመረጥኩ አነበብኩላት። ባልዲዋ ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

«እጀታዋ በሽቦ የታሰረ ነው ይላል?»

ቀጥሎ ያለው መስመር ልክ እንደዚያ ነበር የሚለው።

«እኔ ነኝ ያሰርኩላት። ሽቦው የሆስፒታል ነው።» ቀጠልኩ። ከበሩ ጀርባ ያለውን ሚስማር አወቀችው፤ ቀሚስሽን የምትሰቅይበት ነው። በመስኮቱ በተሰበረው መስተዋት ፋንታ የተለጠፈውን ካርቶን አወቀችው፤ የሳሙና ካርቶን ነው፣ እሷ ናት የሰጠችሽ። እያንዳንዱ ዕቃ ጎን እኔ አንድ አንድ ትርጉም ጽፌበታለሁ። «ይሄ ጎኑ ላይ ያለው ቀጭን ጽሑፍ የማነው?» አለችኝ። «የእኔ ነው» አልኳት። «ምን ይላል?» አነበብኩላት፤ ያንን «በገዛ ልቧ» የሚለውን ጭምር። ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

«ይቀጥሉ» አለች።

ስጨርስ ጠየቅኳት፤ መቆለፉን ታውቂ ነበር ወይ አልኳት።

«እሁድ አትምጪ ትለኝ ነበር። እሁድ ሥራ አለብኝ ትላለች። የምን ሥራ ነው ብዬ...» አልጨረሰችውም።

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ለዐቃቤ ሕጉ እንድትነግረው በማግስቱ አብረን ሄድን። ታሪኩ የቤቱ ቁልጭ ያለ መልክ መሆኑን መስክራ ቃሏን ሰጠች። ይግባኝ ተጠይቋል። ዐቃቤ ሕጉ ብዙ ተስፋ አታድርጉ ብሎናል። እኔም ተስፋ አደርጋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ሲጠሩኝ ግን እቀርባለሁ፤ ሳቅኩ የሚለውንም እደግመዋለሁ።

አሁን ደግሞ እስከዚያ ቀን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። ያቺን ሁለት ቅጠል ወረቀት ለፖሊስ አልሰጠሁም ነበር። ጠርዟ ላይ የጻፍኩት አሳፍሮኝ ከኮቴ የውስጥ ኪስ ደብቄያት ነበር። እዚያ አግዳሚ ላይ፣ ታላቅሽ ልትነሳ ስትል፣ አወጣኋት።

«ሌላ አለ እንዴ?»

«መጨረሻው ነው።»

አነበብኩላት፦ «ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ወጣች። ከበሩ ውጭ ወንዝ አለ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ አደረገች። ውሃው ይቀዘቅዛል። እስኪበቃት ቆመች። ስንት ሰዓት ነው ያላት የለም።»

ታላቅሽ ፊቷን አጠቆረች። «እዚያ ሰፈር ወንዝ የለም» አለች።

«ያደጋችሁበትስ?»

«እዚያም የለም። ወንዝ የሚባል አይታ አታውቅም፤ ከየት አባቷ...» አፏን በተላጠው እጇ ያዘች። እስከዚያ ድረስ እንባ ያላወጣች ሴት ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ይቺን ከራሷ ነው ያመጣቻት። ይቺ የራሷ ናት።»

ቆየት ብላ በጣቷ ወደ ጠርዙ አመለከተች። ወረቀቱ ዋናው ስለሆነ ቀዩ እንደቀላ ነው።

«እዚህስ ላይ ምን ብለዋል?»

ይህንንም አነበብኩላት። «ወንዙ ከየት መጣ? ከታሪኩ ጋር አይሄድም፤ ይሰረዝ።»

ወረቀቱን ተቀብላኝ ወደ ፊቷ አስጠግታ አየችው። ፊደል የማትለይ ሴት፣ ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር አየችው።

«አልተሰረዘም አይደል?»

«አልተሰረዘም።»

«እንግዲያው ይድገሙልኝ» አለች፣ ወረቀቱን እየመለሰችልኝ።

ደገምኩላት። በማግስቱም ሁለቱን ቅጠል ለዐቃቤ ሕጉ ሰጠሁ፤ ጠርዙ ላይ ያለውን ማንም ያንብበው።

አፈሩ ይቅለልሽ።

ሳይጠይቅሽ የቀረው መምህርሽ